የቡቺ ጃኬት

ቅዳሜ፣ ማርች 7

የዓመቱ የመጀመሪያ የጀልባ ቀን! ጣቶቼ ገና አልሞቁም፣ ፊደሌ እንደ ዶሮ ጭረት ሆኗል።

ጠዋት ሐይቁ ላይ ጭጋግ ነበር። ሊን ቀድማኝ ደርሳ ጀልባዋን ውሃ ውስጥ አስገብታለች። ጁኖ የሊን ውሻ ናት፤ ጥቁር፣ ደረቷ ላይ ብቻ ነጭ ጣል ያለባት። ክረምቱን ጫካ ውስጥ ስትሠለጥን ከርማ ውሃውን ረስታዋለች። ጀልባዋ ስትወዛወዝ እግሯ ይብረከረካል። መሀል ስንደርስ አስታወከች። ጫማዬ ላይ። ሊን ከት ብላ ሳቀች፣ "በቃ አሁን የቡድኑ አባል ሆንሽ" አለችኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ውሃ ውስጥ የቀረ ሰው ሽታው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ውሻዋ ከፊት ጫፍ ትቀመጣለች፣ ሊን ጀልባዋን ነፋሱን እየቆረጠች ታመላልሳለች፣ እኔ ውሻዋን አያለሁ። ጆሮዋን፣ ጅራቷን፣ ምላሷን። ያየሁትን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። አንዴ "ያገኘች ይመስለኛል" ብል ሊን ተቆጣች። "የሚመስልሽን አልጠየቅኩሽም። የምታዪውን ተናገሪ።"

የዛሬው ሥልጠና ብቻ ነው። ታች ያስቀመጡት ሽታ ከምን እንደመጣ አልጠየቅኩም። ጁኖ ውሃውን ላሰችና ጮኸች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

ቤት ስደርስ እማዬ የጋራዡ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ልብስሽን እዚያው አውልቂ። የውሻ ፀጉር ይዘሽ የጾም ወጤ ጋ እንዳትደርሺ።"

"እሺ እማዬ።"

"ባዮሎጂ አስተምሬ የሬሳ ውሻ ጎታች ሆነሽ ቀረሽ?"

"ቮለንቲር ነው እኮ። ሬዙሜ ላይ ይገባል።"

"ሬሳ ብለሽ ጻፊዋ!"

ከሥራ ማመልከቻዎቼ ዛሬም መልስ የለም። ይመጣል ግን። ይሰማኛል።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴን ክሊኒክ ወሰድኳቸው፣ ላስተረጉምላቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት። ዶክተሩ ብዙ አወራ። ኩላሊታቸው እየደከመ ነው... እንዲህ ከቀጠለ ደም የሚያጣራ ማሽን ሊያስፈልግ ይችላል... እግራቸው ያበጠው ለዚያ ነው። እሳቸው አፌን አፌን ያዩኛል። ምን ልበላቸው? "ጨው ይቀንሱ፣ በደንብ እንከታተልዎታለን ነው የሚለው" አልኳቸው።

"ይኼን ሁሉ አውርቶ ይችን ብቻ?"

"እነሱ ወሬ ያበዛሉ ጋሼ።"

ሳቁ። መረቁኝ፣ "የመልካም ሥራ ባለቤት ያድርግሽ።"

ለእማዬ ስነግራት፣ "ደግ አደረግሽ። ክፉ ወሬ በትንሽ በትንሹ ነው የሚነገር" አለች። ለዚህ ነገር ተሰጥዖ ሳይኖረኝ አይቀርም። አስተርጓሚ ልሁን እንዴ?

ቅዳሜ፣ ማርች 21

ጁኖ አላስታወከችም። እኔም።

ቅዳሜ፣ ማርች 28

ፀሐይ! ሰባ ፋራናይት! ሰው ሁሉ ቁምጣውን አውጥቷል። እኛ ስንለማመድ ዙሪያችን ካያክ፣ ታንኳ፣ በአየር የሚነፋ ላስቲክ... ውሻ ያላሳፈረ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ውሻ መነጽር አድርጓል። ፎቶ አነሳሁት።

ሊን አልሳቀችም። "አየሩ ሜይ ነው፣ ውሃው ግን ገና ፌብሩዋሪ ነው። ሰው የሚያምነው አየሩን ነው።"

አመሻሹ ላይ ተክስት አደረገችልኝ። ከታኮማ በስተምሥራቅ ባለው ረጅም ሐይቅ ላይ ትንሽ ጀልባ ተገልብጣለች። አንድ ሰው ጠፍቷል። ነገ ማለዳ ተፈልገናል። አንብቤ ሳልጨርስ እማዬ ደወለች፣ ከሥራዋ፣ ሲታክ ካለው ሆቴል። ልቅሶዋ ቃሏን ይውጠዋል። "የጥሩብርሃን ባል... ሀይለየሱስ... ጀልባ ላይ ሆኖ..."

ሁለቱ ስልክ ስለ አንድ ሰው ነበር።

ጥሩብርሃን ከእማዬ ጋር አልጋ የምታነጥፍ ልጅ ናት፣ ከአገር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ሀይለየሱስ አንድ ጊዜ ቤታችን መጥቶ የተሰነጠቀ በራችንን ሠርቶልናል። ረጅም፣ ቀልደኛ። ኤቨረት ከተማ የአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ ነበር።

"ነበር" አልኩ እንዴ? ሰርዣለሁ። ይሠራል።

እሑድ፣ ማርች 29

ዛሬ ኒቆዲሞስ ነው። ግማሹ ምእመን ከቅዳሴ እንደወጣ ሐይቁ ዳር መጣ። ሴቶቹ በነጠላቸው፣ ወንዶቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው። ማንም አያለቅስም። ምን ተብሎ ይለቀሳል?

ሊን "ቋንቋቸውን ትችያለሽ፣ መጀመሪያ ከፍለጋው ኃላፊ ጋር ቁሚ" አለችኝ። ቆምኩ።

የሆነው ይህ ነው። ጀልባዋ የሚኪ ናት። ሚኪ የሀይለየሱስ ጓደኛ ነው፣ ከአንድ ሰፈር፣ ከልጅነት። ቡቺ የሚባል ቡናማ ውሻ አለው። ሦስቱ ወጡ፣ ሚኪ፣ ሀይለየሱስና ቡቺ። ዝይዎች ከውሃው ብድግ ሲሉ ቡቺ ወደ አንድ ጎን ዘለለ። ሀይለየሱስ ሊይዘው ተነሣ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ሚኪን በካያክ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው ያወጡት። የቡቺ ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው፣ ጀርባው ላይ መያዣ አለው። ሚኪ እሱን ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁት።

ጥሩብርሃን አጠገቡ ቆማ እጁን ይዛለች። ባሏ የጠፋው እሷ፣ የምታጽናናውም እሷ።

ኃላፊው በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ጓደኛህ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ነበር? መጨረሻ ያየኸው የት ነው?

ሚኪ በአማርኛ መለሰ። "ለብሶ ነበር። ወደ ሸምበቆው እየዋኘ ነበር መጨረሻ ሳየው።"

ተረጎምኩ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የካያኮቹ ሰዎችም ሚኪን ያገኙት ወደ ሸምበቆው ተገፍቶ ነው፤ ሶ ነገሩ ገጠመ። ኃላፊው ካርታው ላይ ሸምበቆውን ከበበው።

ከዚያ ጀልባ። ወደ ሸምበቆው ስንሻገር፣ መሀሉ ላይ፣ ከቢጫው ቤት ትይዩ፣ ጁኖ አንገቷን አሰገገች። "ውሃውን ላሰች!" አልኩ። ሊን ቦታውን መዘገበች፣ በሬዲዮም ተናገረች። ኃላፊው ግን ጃኬት የለበሰ ሰው አይሰምጥም፣ ነፋስ ወደ ዳር ይገፋዋል አለ። ልክ ነው። ደግሞ ታቹ የድሮ ጫካ ነበር አሉ፣ ጉቶ ብቻ ነው። የውሃውን ታች በድምፅ በሚያሳየው የሶናር ስክሪን ላይ ጉቶ ሁሉ ሰው ይመስላል።

ሸምበቆ ለሸምበቆ ዋልን። ምንም።

አንድ ነገር... ሚኪ እንግሊዝኛው ከእኔ አያንስም። ለምን በአማርኛ መለሰ?

ደንግጦ ነዋ። ሌላ ምን ይሆናል።

ሰኞ፣ ማርች 30

ጥሩብርሃን ቤት ዋልን፣ ሲታክ። አፓርታማዋ ጢም ብሏል። ጫማው ኮሪደሩን ዘግቷል። በር ላይ አንዲት ሴት እማዬን በስሟ ጠርታ ያዘቻት።

"እትዬ ገንዘብ፣ ምን ብዬ ልግባ? ያጽናሽ ልበል ወይስ ያስገኝልሽ?"

"ዝም ብለሽ ግቢ።"

ለቅሶ ነው? ጥየቃ ነው? ማንም አያውቅም። ከል የለበሰች የለችም፣ ደማቅ የለበሰችም የለች። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይዟል፣ ጃኬቱን። "ላይፍ ጃኬት ለብሷል እኮ!" አንዱ ማዶ ወጥቶ ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፍቶት ይሆናል ይላል። ሌላው ስሙ ሳይታወቅ ሆስፒታል ተኝቶ ይሆናል ይላል። ጥሩብርሃን ለሁሉም "አሜን" ትላለች። ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ። አሜን። አሜን።

ሚኪ ጥግ ላይ ተኮራምቷል። ከቅዳሜ ወዲህ እህል አልቀመሰም አሉ። ጥሩብርሃን ተነሣች። እጇን ታጠበች፣ ሽሮውን በእንጀራ ጠቀለለች፣ ሄዳ ፊቱ ተንበረከከች።

"ሚኪዬ፣ በሞቴ።"

"አልችልም ጥሩዬ።"

"በሀይልዬ ይዤሃለሁ።"

አፉን ከፈተ። አጎረሰችው። ያኔ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት? እኔ ብሆን ያን ውሻ ከነጌታው ዓይኑን አላየውም ነበር።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 1

ኢሜይል መጣ! የዓሣ ምርምር ቦታው! ኢንተርቪው ሰኞ ጠዋት! መኪና ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ከዚያ በመስኮቱ ቀና ብዬ ሳይ ጥሩብርሃን ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ስልኬን ኪሴ ከተትኩት። አፈርኩ።

ዝናብ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ዣንጥላቸውን ለጁኖ ዘርግተው ቆመው አገኘኋቸው፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለውሻዋ። እግራቸው አብጦ የጫማቸውን ተረከዝ ረግጠውታል።

"የኔ ልጅ፣ እውነት ውሻ ናት የምትፈልገው?"

"አዎ ጋሼ።"

"የተጠመቀ ሰው... በውሻ?"

"አትነካውም እኮ። ታሸታለች፣ ትጮኻለች። በቃ።"

ዣንጥላውን ወደ ጁኖ አዘነበሉት። "ይሁን። እኛስ ይኼን ያህል ሰው ሆነን ከመቆም ሌላ ምን ሠራን?" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እስከ ሆሳዕና ብቻ ይገኝልን። ሰሙነ ሕማማት ከገባ ፍትሐት የለም። እንደ ዕቃ ነው የምንቀብረው።"

እሳቸው ሞቷል ብለው ነው የሚያወሩት። እንዲህ ሲናገር የሰማሁት የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 3

ሸምበቆ። ምንም።

ጁኖ ጅራቷ ወድቋል። ሊን የሥልጠናውን ሽታ ሣር ውስጥ ደበቀችላት፣ አግኝታ ደስ እንዲላት። ሁልጊዜ የምታጣ ውሻ ተስፋ ቆርጣ ሥራ ታቆማለች አለች። ጁኖ አገኘች፣ ኳሷ ተወረወረላት፣ ጅራቷ ተነሣ።

ለጥሩብርሃንስ ምን እንደብቅላት? ደብቀንላታል መሰለኝ። ጃኬቱን።

እሑድ፣ ኤፕሪል 5፣ ሆሳዕና

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከቅዳሴው በኋላ ፍትሐት ተደረገ፣ ለሁላችንም። ሕማማት ውስጥ ለሚሞት ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ ሆሳዕና ላይ ለቆመው ሁሉ አስቀድሞ ይደረጋል። በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ፣ ከነጠላዬ ሥር ስልኬን እየነካካሁ። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። በቁማችን እየተቀበርን ነው። ጥሩብርሃን ከፊቴ ነበረች፣ የዘንባባ ቀለበቷን ጣቷ ላይ ታዞራለች። ሀይለየሱስ እዚህ የለም። ይኼ ጸሎት ውሃ ውስጥ ይደርሳል?

ሚኪ ከወንዶቹ በኩል ተገፍቶ ወጣ። ተከተልኩት። ለምን እንደተከተልኩት አላውቅም።

ፓርኪንጉ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ መኪናው ጎማ ላይ ተደግፎ። ቡቺ የኋላ ወንበር ላይ ነው፣ በተከፈተችው መስኮት አፍንጫውን አውጥቷል።

"ኖላዊት... ያን ቀን ውሻችሁ የላሰችው የት ጋ ነው?"

"መሀሉ ላይ። ከቢጫው ቤት ትይዩ።"

ራሱን ነቀነቀ። ነቀነቀ።

"እዚያ ነው።"

"ምኑ?"

"እዚያ ነው የገባው። አልዋኘም። ምንም አልዋኘም። አንዴ ስሜን ጠራ፣ አንዴ ብቻ... በቃ።"

"ጃኬቱስ?"

"ሁለት ነው ያለኝ። የእኔና የቡቺ።"

እሱ ቀጠለ።

"ለቡቺ በልኩ አስለክቼ ገዛሁለት። ሀይለየሱስን ስጋብዘው ግን... 'ላንተ የለም እኮ' ስለው 'ትንሽ ሐይቅ ናት፣ ልዋኝ አልመጣሁም' አለኝ። ሳቅን። ለውሻው አልብሼ፣ ለራሴ ለብሼ... ይኼን እጄን ይዛኝ እንዴት ልበላት? ንገሪኝ፣ እንዴት ይባላል?"

"አይዞህ" ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ማን ነው አይዞህ የሚባለው? ጃኬት ያልለበሰ ሰው በብርድ ውሃ የገባበት ነው የሚሰምጠው። እኛ ሳምንቱን ሙሉ ዳር ዳሩን...

"ሊንን አሁን ኮል አደርጋለሁ" አልኩት።

"ጥሩዬስ?"

"መጀመሪያ ሀይለየሱስ።"

ያን ቀን በአማርኛ የመለሰው ለኃላፊው አልነበረም። ለጥሩብርሃን ነበር። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ነበር፤ አይቻለሁ። ቃሉን ተርጉሜ ፊቱን ተውኩት። ሊን የምታዪውን ተናገሪ አላለችኝም?

ሰኞ፣ ኤፕሪል 6

ተገኘ።

ከቢጫው ቤት ትይዩ። ጁኖ አልጮኸችም፤ ውሃውን ነከሰችው። ነከሰችው፣ ልትገባ ታገለች፣ ሊን ከአንገቷ ማሰሪያ ይዛ አስቀረቻት። ጠላቂዎቹ ገቡ። ሊን መጀመሪያ ቀን ከመዘገበችው ቦታ ብዙም አይርቅም። በየቀኑ በላዩ አልፈን ነበር ወደ ሸምበቆው የምንሄደው። በላዩ።

ጉቶዎቹ መሀል ነው ያገኙት። ጥቁር የቆዳ ጃኬቱ ዚፑ እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

ውሻ ስታገኝ ወዲያው መሸለም አለባት፣ አለበለዚያ ሥራው ይበላሽባታል። ሊን ዳር ወጥታ ኳሷን ወረወረችላት። ጁኖ እየዘለለች፣ እየተንከባለለች... ከዚያ ማዶ ደግሞ ሴቶቹ አዩ፣ ዋይታው ተነሣ። ሳምንቱን ሁሉ ታፍኖ የከረመ ዋይታ። ከዚህ ኳስ፣ ከዚያ ዋይታ። ሊን እያለቀሰች ትወረውር ነበር።

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሏት። አሁን ይባላል።

ጥሩብርሃን ስለ ጃኬቱ ትጠይቀኛለች ብዬ ቃል ሳዘጋጅ ነበር። አልጠየቀችኝም። ለምን?

ለኢንተርቪው መቅረቴን በኢሜይል ነገርኳቸው። መልስ የለም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 9

ቀበርነው። ሬሳውን ለእናቱ ወደ አገር እንላክ ያሉ ነበሩ፤ ውሃ ውስጥ ስለከረመ አይሆንም ተባለ። ሳጥኑ አልተከፈተም። ጥሩብርሃን "ልየው" አለች። "አታዪውም" አሏት።

ፍትሐት አልነበረም። ቄሱ፣ "የእሑዱ ፍትሐት እሱንም ይዟል። ያለበትን እኛ ባናውቅ ፈጣሪው ያውቅ ነበር" አሉ። ሕማማት ስለሆነ ማንም ማንንም አይስምም፣ አይጨብጥም። ሰው ሁሉ መጥቶ ፊቷ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ማንም አላቀፋትም።

ሚኪ ከዛፉ ሥር ብቻውን ቆመ። ወሬው ወጥቷል። "ለውሻ አልብሶ ለሰው..." ሲሉ ሰማሁ። ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

የዓሣ ምርምሩ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

እሑድ፣ ኤፕሪል 12

ፋሲካ። እማዬ ዶሮውን ሠራች። እኔ አልወረደልኝም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 25

ከእማዬ ጋር ጥሩብርሃን ቤት ሄድን፣ የሀይለየሱስን ልብስ ልናግዛት። ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው ነው። እማዬ ሳሎን እያጣጠፈች፣ እኔና እሷ መኝታ ቤት። ሸሚዙን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ኖላዬ፣ ያን ቀን ደውሎልኝ ነበር።"

"መቼ?"

"ጀልባው ላይ ሆኖ። በቪዲዮ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ የማላውቀው ሰው አንሶላ በእጄ። ውሃውን አሳየኝ፣ ዛፉን አሳየኝ። ቡቺን አሳየኝ፣ ብርቱካናማ ጃኬቱን ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ። 'አንተስ?' አልኩት። 'ለቡቺ ደርሶ ለእኔ አልደረሰኝም' አለና ሳቀ።"

ሸሚዙን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"እኔም ሳቅሁ።"

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ሚኪ ሲናገር... ለምን ዝም..."

"እጁ እጄ ውስጥ ነበር እኮ። ያን የሚለው ለእኔ ብሎ ነው፣ እንዳይከፋኝ። በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም ልበለው? ቤት ስመጣ ደግሞ ሁላችሁም ለብሷል፣ ለብሷል... ምናልባት ከደወለልኝ በኋላ ሚኪ የራሱን አውልቆ ሰጥቶት ይሆናል አልኩ። ተስፋ ሲሰጡሽ ትወስጃለሽ። እኔ ወሰድኩ። እሱ እታች ቀዝቅዞ፣ እኔ ለሰው ሁሉ አሜን እላለሁ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ለሚኪ ንገሪልኝ። ሰው እየሸሸው ነው አሉ። እሱ ብቻ አይደለም የደበቀው። እኔ አፌ እምቢ አለኝ።"

"ምን ብዬ ልንገረው?"

"እንደሆነው።"

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 29

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ፣ ክሊኒክ። ዶክተሩ ያለውን ሁሉ ተረጎምኩ። ኩላሊቱን፣ ማሽኑን፣ ሁሉን። አላቋረጥኩም።

"ይኼን ባለፈው ለምን አላለኝም?"

"ብሎ ነበር ጋሼ።"

ቤታቸው እስካደርሳቸው ድረስ አላናገሩኝም። አልመረቁኝም። ከመኪናው ወርደው በሩን ይዘው ቆሙ። "የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?" ነገርኳቸው። "አንቺ ነሽ የምትመጪው" ብለው በሩን ዘጉት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 2

ሐይቁ ዛሬ ሰው በሰው ነው። ጀልባ፣ ሙዚቃ፣ ውሻ። ውሃውን በእጄ ነካሁት። አሁንም ይቆርጣል።

ሚኪን ከሥልጠና በፊት ና ብዬው ነበር። መጣ፣ ከቡቺ ጋር። ከስቷል። ቡቺ የእንጨቱ መተላለፊያ ጋ ሲደርስ አልሄድም ብሎ ተቀመጠ። ሚኪ ብርቱካናማውን ጃኬት በእጁ ይዟል፣ "ለሊን ስጪልኝ፣ ለአንዱ ውሻ ይሆናል" አለኝ። ተቀበልኩት። ቀላል ነው፣ ምንም አይመዝንም።

"ጥሩዬ ደህና ናት? ስልኬን አታነሣም።"

በመኪና ስመጣ ሃያ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉን ተውኩት።

"ሚኪ፣ ጥሩብርሃን ታውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"ጃኬት እንዳልለበሰ። ጀልባው ላይ ሆኖ ደውሎላት ነበር። ቡቺን አሳያት። 'ለቡቺ ደርሶ ለእኔ አልደረሰኝም' አላት። አንተ ለብሶ ነበር ስትል ውሸት እንደሆነ ታውቅ ነበር። እንዳታፍር ብላ፣ ደግሞም ተስፋው ጥሟት ዝም አለች። ንገሪው ያለችኝ ራሷ ናት።"

የጠበቅኩትን አላደረገም። አልጮኸም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ የሆነ ነገር እንደሚያስታውስ።

"መቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው።"

"ከመጀመሪያው..." ወደ ውሃው አየ። "ሶ ያን ቀን፣ ቤቷ... እያወቀች ነው ያጎረሰችኝ?"

"አዎ።"

መተላለፊያው ላይ ቁጭ አለ። ይቅር ማለቷ ይሁን፣ ዝም በል ማለቷ ይሁን እኔም አላውቅም። የማላውቀውን አልጨመርኩለትም።

ሊን ከጀልባው ተጣራች። ጁኖ ከፊት ተቀምጣለች፣ ዝግጁ። የራሴን ጃኬት አጠለቅኩ፣ ቀበቶዎቹን ሳብኩ፣ ተሳፈርኩ።

"ምን ሆኗል ልጁ?" አለችኝ ሊን።

የማየውን ነገርኳት። አንድ ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አጠገቡ ውሻ አለ። ውሻው ጀርባውን ለውሃው ሰጥቷል።